ካይዘን ያተረፈው ደቂቃ የማን ነው?

«ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ» የሚለው ጽሑፍ በበርካታ ድርጅቶች ግድግዳ ላይ ይነበባል። ከጃፓን የመጣው የካይዘን አመራር የሚጀምረው ከነዚህ አምስት ቃላት ነው። ስልቱ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባና አካባቢዋ በ30 ድርጅቶች መሞከር ጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ባለሀብቱን የሚስበው ብዙ ካፒታል አለመጠየቁ ነው። አዲስ ማሽን ሳይገዛ ዕቃ ፍለጋ፣ ጥበቃ፣ አላስፈላጊ ምልልስና የተበላሸን መልሶ መሥራት ይቀነሳሉ። አንዲት ልብስ ሰፊ መቀስና ክር ስትፈልግ በቀን 20 ደቂቃ ታባክናለች እንበል። ዕቃው በቦታው ሲቀመጥ ደቂቃው ይተርፋል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የለውጡ ውጤት በየሙያው ይለያያል። የመጋዘን ሠራተኛ መተላለፊያው ሲጸዳለትና ሸክሙ ሲቀልለት ይጠቀማል፤ አደጋም ይቀንስለታል። የስፌት መስመር ሠራተኛዋ ግን የተረፈው ደቂቃ ወዲያው ወደ ቀን ኮታ ከተለወጠ ትርፏ ድካም ብቻ ይሆናል። ትእዛዝ መስጠት የለመደ የፈረቃ አለቃም የበታቾቹን ሐሳብ መስማት ይጠበቅበታል።

ካይዘን ደግሞ ያለ ሠራተኛው ሐሳብ አይሠራም። ብክነቱ የት እንዳለ የሚያውቀው በቦታው የሚውለው ሰው ነው። የጠቆመው ሐሳብ ኮታ የሚጨምርበት ወይም ጓደኛውን ከሥራ የሚያስወጣበት መሆኑን ካየ ዝም ይላል። ሌላ ቦታ ሲያገኝም ይሄዳል፤ አዲስ ሰው የማሠልጠኑ ወጪ የባለቤቱ ነው።

ስልቱን ዝነኛ ያደረገው ቶዮታም ይህን በችግር ውስጥ አልፎ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1950 በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ብርቱ የሥራ ማቆም አድማ ገጠመው፤ ከ1,600 በላይ ሠራተኞች ሲለቁ ፕሬዚዳንቱ ኪቺሮ ቶዮዳም ከሥልጣን ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ1962 አመራሩና የሠራተኛ ማኅበሩ መተማመንን መሠረት ያደረገ የጋራ መግለጫ አወጡ።

በአገራችንም ባለሀብቱ ሒሳቡን ሲሠራ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማየት ይገባዋል። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ ከመደበኛው የስንብት ክፍያ በተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ያገኛል። ስለዚህ «ሰው ቀንሼ አተርፋለሁ» የሚለው ስሌት ብዙ ጊዜ እንደታሰበው ርካሽ አይደለም።

ድርጅቱ ካይዘን ከመጀመሩ በፊት ከተረፈው ደቂቃ ስንቱ ለምርት፣ ስንቱ ለቦነስና ለዕረፍት እንደሚውል ከሠራተኛው ጋር በጽሑፍ ቢስማማ ይበጀዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ዋጋ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።