ደን ሲከስስ

የመርማሪ ፖሊሷ የኤቫ ቶርንብላድ ልጅ ዮሴፊን ሐይቅ ዳር እንደወጣች ቀረች። ቢፈለግ ቢፈለግ አስከሬኗ እንኳ ሳይገኝ፣ «ውሃ በልቷት ይሆናል» ተብሎ ነገሩ ተዘጋ። ከሰባት ዓመት በኋላ አባቷ ሲሞቱ ኤቫ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ሲልቨርሆይድ ትመለሳለች። እግሯ ሲደርስ በዚያው አካባቢ ሌላ ልጅ ጠፍቷል።

«ዩርድስኮት» የተባለው የስዊድን ተከታታይ ድራማ የሚጀምረው እንዲህ ነው። የሄንሪክ ቢዮርን ፈጠራ ሲሆን፣ በስዊድኑ የሕዝብ ቴሌቪዥን በኤስቪቲ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 10 ክፍሎች አሉት፤ ሁለተኛው በ2017 ቀጠለ። ኤቫን ሆና የምትጫወተው ሞአ ጋመል ናት።

ስዊድኖች በወንጀል ታሪክ የቆየ ስም አላቸው። ማይ ሹዋልና ፔር ቫሉ የተባሉት ጥንዶች ከ1965 እስከ 1975 ባሳተሟቸው 10 ልቦለዶች የፖሊስን ምርመራ የኅብረተሰቡን ሕመም መመርመሪያ አደረጉት። ከእነሱ በኋላ የመጡትም አብዛኞቹ የወንጀሉን ሥር የፈለጉት ሰው ውስጥ ነው። «ዩርድስኮት» ግን ፍለጋውን ይዞ ጫካ ገባ።

የገባበት ጫካ ደግሞ የቆየ ነዋሪ አለው። የስዊድን ገበሬዎችና አዳኞች «ስኩግስሮ» ስለምትባል የደን ገዢ ያወሩ ነበር፤ ከፊት ስትታይ የምታፈዝ ቆንጆ፣ ጀርባዋ ግን እንደበሰበሰ ግንድ የተቦረቦረ። አዳኝ እንዲቀናው ለእሷ ሳንቲም ወይም ምግብ ጉቶ ላይ አኑሮ ያልፍ ነበር። ወንዝና ሐይቁ «ኔከን» የሚባል ጌታ አለው፤ ቫዮሊን እየተጫወተ ሰዎችን ስቦ ያሰጥማል። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃንም ይሰጋ ነበር፤ «ትሮል» የተባሉት ፍጡራን ሰርቀው የራሳቸውን ልጅ ይተኩበታል ተብሎ ስለሚፈራ፣ እናቶች አልጋው ውስጥ ብረት ያስቀምጡ ነበር።

የጠፉ ልጆች፣ ሐይቅና ደን፦ ቢዮርን የድራማውን እንቆቅልሽ የገመደው ከዚህ ነው።

ከዚያ ላይ ስለ ደን ሀብት የሚነሣውን የዛሬ ጥያቄ ጨመረበት። ከስዊድን የቆዳ ስፋት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ደን ነው፤ እንጨትና ወረቀት ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ንግድ ምርቶች መካከል ናቸው። የኤቫ ቤተሰብም የከበረው በደኑ ነው። መርማሪዋ የልጇን ዱካ በተከተለች ቁጥር ወደ ገዛ ቤተሰቧ ሀብት ትጠጋለች፤ ተበዳይ እናት ሆና የጀመረች ሴት የደኑ በዳይ ወራሽም መሆኗን ትረዳለች። ድራማው ከጭራቅ ታሪክ ከፍ ብሎ የሚቆመው በዚህ ነው።

አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትዕግሥት ይጠይቃሉ። የታገሠ ተመልካች ግን ርዕሱ ይገባዋል። በስዊድንኛ «ዩርድ» መሬት ማለት ነው፤ «ስኮት» ደግሞ ሁለት ፍቺ አለው፦ ቡቃያና ተኩስ።