ኮተት የሚራገፈው ከየት ተጀምሮ ነው? ከጋይንት ጓዳ እስከ ምናለሽ ተራ

ነጋዴ በዓመት አንድ ጊዜ መጋዘኑን ይቆጥራል። የተሸጠውን፣ የተበላሸውን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመደርደሪያው ያልተነቃነቀውን ለይቶ ይጽፋል። ያው ነጋዴ ማታ ቤቱ ሲገባ በአልጋው ሥርና በቁም ሳጥኑ አናት የተከመረው ኮተት ምን ያህል እንደሚያወጣ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። የወላጆቹ አገር ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሁለት ቤት ይሆናል። አንዱ እሱ የሚኖርበት ነው፤ ሌላው ለበዓል ሲሄድ «ይህን ሁሉ ኮተት ለምን አትጥሉትም?» የሚልበት ነው። ዛሬ የምናተኩረው በሁለተኛው ቤት ላይ ነው፤ እዚያ በችኮላ የሚወጣ ዕቃ ተመልሶ አይገኝምና።

እንደሚታወቀው በእኛ አገር ኮተት ባለቤት አጥቶ አያውቅም። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቆርቆሮ ያለው!» የሚለው ጥሪ በአፍ ሲፈጥን «ቁራሌው!» ሆኖ የአንድ ሙያ ስም ወጥቶታል። ቁራሌው ጆንያውን ተሸክሞ ከየደጃፉ የለቀመው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ የመኪና ጎማው ተቆርጦ ጫማ፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። እጅ ሊጠግነው ያልቻለው ብረት በአቃቂና በደብረ ዘይት በኩል ወዳሉ ማቅለጫዎች ይጫናል። ልብስ የራሱ መንገድ አለው። ልዋጭ የሚሉት ነጋዴዎች አዲስ ሳፋና ባልዲ ይዘው እየዞሩ በአሮጌ ኮትና ሱሪ ይለውጣሉ። በዚህ ንግድ ገንዘብ ስለማይቆጠር የቤቱ እመቤት ኮቱን በስንት እንደሸጠች፣ ሳፋውንም በስንት እንደገዛች በውል አታውቀውም። የልዋጭ ትርፍ ያለው እዚያው ላይ ነው። ሳፋው ሱቅ ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ግማሽ ጨዋታውን አሸነፈ ማለት ነው።

ይህ ሰንሰለት ወደ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ሲዘረጋ ዋጋው ይቀንሳል። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው መንገድ ነፋስ መውጫን ያቋርጣል፤ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ግን ከዋናው መስመር ገባ ያሉ ናቸው። ከዚያ እስከ መርካቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብረት ደግሞ ክብደቱ ብዙ፣ የኪሎው ዋጋ ትንሽ የሆነ ሸቀጥ በመሆኑ ትርፉን ጭነት ይበላዋል። አሉሚኒየም፣ ነሐስና መዳብ ግን በኪሎ ከብረት የተሻለ ስለሚያወጡ ጉዞውን ይችሉታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገዢው ያንን ስጋት ከባለ ቤቱ ዋጋ ላይ ይቀንሰዋል። (ጋይንት ከባድ ብረት ሲያልፍበት አዲሱ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በኩል ነበር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በሰው ጉልበት ለማድረስ ወራት ፈጅቷል። የጭነት ሒሳቡን የተጠየቀ ደላላ ባይኖር ይሻላል።)

እንግዲህ ከከተማ የሄደው ልጅ «ኮተት» የሚለውን የእናቱን ቤት ዕቃ ቀረብ ብሎ ይመልከተው። የእርዳታ ዘይት የመጣበት ጣሳ እህል መስፈሪያ ሆኗል። የማዳበሪያው ከረጢት ገለባ ይያዝበታል። ያረጀው ጋቢ ተደራርቦ ተሰፍቶ ደሪቶ ሆኖ በጉና ብርድ ልጅ ያሞቃል። አፉ የተሸረፈው ጋን ጌሾ ያስቀምጣል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ዝናብ በቀረ ቁጥር የሚቸገሩ፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር ዕቃ ማስቀመጥ ኢንሹራንስ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ቤታቸው የተዘረፈባቸው ሰዎች አሉ። አንድ ጊዜ ቤቱ በሌላ ሰው እጅ ባዶ የሆነበትን ቤተሰብ «ቤታችሁን አራግፉ» ብሎ መምከር ቢያንስ ጊዜ መምረጥን ይጠይቃል።

ታዲያ ምንም አይነካ ማለታችን አይደለም። ከየት ይጀመራል ለሚለው ግን ይህ ዐምድ ከጓሮ ይላል። ጓሮ ያለው ሁለተኛ ሥራ ያላገኘ፣ ማንም የማያዝንለት ዕቃ ነው፦ የተቀደደ ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ የሞተ የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ ከአጥሩ ሥር የተጣለ ሽቦ። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ማግኔት ጥሩ አማካሪ ናት። የምትይዘው ብረት ነው፤ የማትይዘው አሉሚኒየም፣ መዳብ ወይም ነሐስ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይቀመጥ። ሁሉን በአንድ ጆንያ ከትቶ በብረት ዋጋ ማስመዘን ለቁራሌው ስጦታ ነው። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስና ጀሪካን ግን ለሽያጭም ለውኃም አይሁን፤ ታጥቦም መርዙ አይለቅም።

ያለቀ ማረሻ ለየት ይላል። በኪሎ ሲታሰብ ምንም ነው። ከመንደሩ ቀጥቃጭ ዘንድ ከሄደ ግን ማጭድ ወይም ቢላዋ ሆኖ ይመለሳል፤ የተጣለው ብረት እዚያው ሰፈር ውስጥ ከመርካቶ የተሻለ ዋጋ አለው። ከተማ የኖረ ሰው የሚስተው እንዲህ ያለውን ሒሳብ ነው።

ከጓሮ ቀጥሎ ጎተራና ጎታ ይመጣሉ፤ ለዚህም ወቅት አለው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ያለፈው ዓመት እህል ወደ ማለቁ ስለሆነ ዕቃው ባዶ ነው። ነቀዝ ክረምቱን የሚያሳልፈው በስንጥቁ ውስጥ በቀረችው ፍርፋሪ ነው። አዲሱ እህል ሳይገባ ተጠርጎ፣ ስንጥቁ ተመርጎ፣ ከረጢቱ በፈላ ውኃ ተነክሮ ፀሐይ ላይ ካልዋለ አሮጌው ነቀዝ አዲሱን ምርት ይቀበለዋል። ቤት ከማራገፍ ሁሉ ትርፉ ቶሎ በእህል የሚታየው ይህኛው ነው። በከተማው ቤት የዚህ አቻ የፌስታል ክምር ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ስለከለከለ ከፍራሽ ሥር አጣጥፎ ማቆየቱ ከእንግዲህ ጥቅሙ አይታየንም።

ጓዳ መጨረሻ ይሁን፤ ያለ እመቤቲቱም አይከፈት። ልጅ ይሸከም፣ ያውርድ፣ ይጥረግ፤ የሚወጣውንና የሚቀረውን ግን እሷ ትበል። እያንዳንዱ ቅልና አገልግል ከማን እንደመጣ የምታውቀው እሷ ናት። ሳትጠየቅ የተሸጠ እንስራ የዓመት ኩርፊያ ያመጣል፤ ይህ በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ አይወጣም።

ዋናው ጥንቃቄ ያለው ግን ሣጥንና ትራስ ላይ ነው። አሮጌ ልብስ ለልዋጭ ከመሰጠቱ በፊት ኪሱና ገበሩ ይፈተሽ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች መለወጣቸው ሲነገር ለቅያሬ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ከፍራሽ ውስጥ የተገኘ የቀድሞ ኖት ወረቀት ነው። አዲሱም ብር ቢሆን በዚያው ፍራሽ ውስጥ ይቀመጣልና ፍተሻው አይዘለል። ወረቀት በጆንያ ለሱቅ መጠቅለያ ሲሸጥ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በክልሉ ለገበሬው የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር አብሮ እንዳይሄድ። ያ ደብተር ሲጠፋ ምትክ ለማውጣት የሚጠፋው ጊዜና የሚከፈተው የወሰን ክርክር ከጆንያው ወረቀት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሌላው ብራና ነው። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችበት አገር ናት። ከአያቶቹ መካከል መሪጌታ ወይም ደብተራ የሌለበት ቤተሰብ በዚያ ጥቂት ነው፤ በመሆኑም ከቆጥ ላይ በማኅደር የታሠረ መጽሐፍ፣ የክታብ ጥቅል ወይም የብር መስቀል ቢገኝ አይገርምም። ጢስ ያጠቆረው ብራና ለማያውቀው ሰው አሮጌ ቆዳ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ቢሆንም እንዲህ ያለው ዕቃ ለባዕድ እጅ ሲዳረግ የመጀመሪያው ሻጭ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያጸዳ ዘመድ ነው፤ ዋጋውም የአንድ ሳፋ ያህል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፊደል ያለበት ቆዳ ሁሉ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለቄሱ ወይም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሳይታይ ከቤት አይውጣ። ይህን የምንለው ለደላሎች አንባቢዎቻችንም ጭምር ነው፤ «አሮጌ መጽሐፍ ካለ አምጡ» የሚል ደንበኛ ሲገጥማችሁ ሥራው ቁራሌ አለመሆኑን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። ጓሮው ተለቅሞ፣ ብረቱ ከአሉሚኒየሙ ተለይቶ፣ ገዢው መጣ እንበል። ቢቻል በአንድ ገበያ ቀን ሁለት ሦስት ገዢ ይጠየቅ፤ ታች ጋይንት ከሆነ ስሟ እንደሚናገረው የአርብ ገበያ ቀን አርብ ነው። የሚይዙት ሚዛን አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚንጠለጠለው ነው፤ ምንጩ የላላ ወይም መንጠቆው የተነካካ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ከቤት ያለው ቢጫ ጀሪካን ግን ይለየዋል። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የጀሪካኑ የራሱ ክብደት ሲታከል ትንሽ ከፍ ይላል። ብረቱ ከመሰቀሉ በፊት ሙሉው ጀሪካን ይሰቀል። መርፌው ከ20 በታች ከቆመ ዋጋውን ከመነጋገር በፊት ስለ ሚዛኑ መነጋገር ይቀድማል።