ከደጅ የተመለሱት ስድስት ወጣቶች

ሰው በርስት፣ በገንዘብ ወይም በሹመት ሲጣላ አይተናል። ስላልተሠራ ሮኬትና ገና ሰው ስላልረገጣት ጨረቃ የሚተርኩ መጽሔቶችን በማንበብ የተዋወቁ ልጆች ግን፣ ደጅ እስከ መከላከል ድረስ እንደ ተጣሉ ስንቶቻችን እናውቃለን? ነገሩ የሆነው በኒው ዮርክ ከተማ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 2 ቀን 1939 ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ሥሩ የሚገኘው በ1926 ነው። ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የመጣው ሁጎ ገርንስባክ «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለ፣ የሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የሚወጣበት መጽሔት አቋቋመ። መጽሔቱ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ነበርና፣ አንባቢው ከአዘጋጁ አልፎ ለሌላው አንባቢ መጻፍ ጀመረ። የብዕር ጓደኛ ያላችሁ ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚጣፍጥ ታውቁታላችሁ። ከደብዳቤው ማኅበር ተወለደ፤ ማኅበሮቹም በማባዣ መኪና የራሳቸውን ትንንሽ መጽሔት እያወጡ ይላላኩ ጀመር። የመጀመሪያው «ዘ ኮሜት» በ1930 ወጣ።

በ1939 በኒው ዮርክ ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ስለ ተከፈተ፣ ወጣቶቹም የራሳቸውን ስብሰባ «የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ» ብለው ሰየሙት። የመጣው ሰው ሁለት መቶ ያህል ነው። ስም ማውጣት ገንዘብ አያስወጣም! የ18 ዓመቱ ሬይ ብራድበሪ ከጓደኛው ከፎረስት አከርማን ገንዘብ ተበድሮ፣ ከሎስ አንጀለስ በአውቶቡስ አገር አቋርጦ መጣ። አበዳሪው ደግሞ ሜርትል ዳግላስ የሰፋችለትን የወደፊት ዘመን ልብስ ለብሶ፣ ካባውን እያወዛወዘ በከተማው ተንጐራደደ።

በሩ ላይ ግን ሌላ ነገር ነበረ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ሳም ሞስኮዊትዝ ገና 19 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀኑ ነው። «ፊውቸሪያንስ» ከሚባለው ማኅበር ጋር የቆየ ቂም ነበራቸው፤ እነዚያ የልብ ወለድ ወዳጅ ስለ ፖለቲካም ሊያስብ ይገባዋል የሚሉ፣ ወደ ግራ ያዘነበሉ ልጆች ናቸው። በዚያ ቀን አዘጋጆቹን የሚነቅፍ ወረቀት ተደብቆ ተገኘ። ሞስኮዊትዝም ስብሰባውን እንዳያውኩ ቃል ካልገቡ አይገቡም አለ። ስድስቱ እምቢ አሉ፤ ዶናልድ ዎልሃይም፣ ፍሬደሪክ ፖል፣ ጆን ሚሼል፣ ሮበርት ላውንደስ፣ ጃክ ጊሌስፒ፣ ሲሪል ኮርንብሉት። ኮርንብሉት በዚያው ዕለት 16 ዓመት ሞላው። የሚያስቀው፣ ወረቀቱን ያሳተመው ዴቪድ ካይል ያለ ምንም ችግር ገብቶ ተቀምጦ ነበር! ከዚያው ማኅበር የነበረው አይዛክ አሲሞቭም ገባ፤ ጓደኞቹን በደጅ ትቶ መግባቱ ኋላ እንደ ጸጸተው ራሱ ጽፎአል።

እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያገኘሁት ከሞስኮዊትዝ መጽሐፍ ነው፤ በር የከለከለው ሰው በ1954 የወዳጆቹን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ። አንብቤ ስጨርስ ፈረድሁለት። ኋላ ፖል በ1978 ያወጣውን የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ፍርዴ ተናጋ። የሞስኮዊትዝ ሥጋት ከንቱ አልነበረም፤ ስብሰባው እንዳይፈርስበት ፈርቶአል። ነገር ግን ወጣትን በጓደኞቹ ፊት አቁሞ «ቃል ግባ» ማለት እምቢታን መለመን ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ማስተማር ይበቃል።

ጉባኤው በጦርነቱ ምክንያት ከ1942 እስከ 1945 ተቋርጦ እንደገና ቀጠለ። በ1972 በሎስ አንጀለስ ሲደረግ የክብር እንግዳው ፍሬደሪክ ፖል ነበር። በ1988 በኒው ኦርሊንስም ዶናልድ ዎልሃይም በክብር ተጋበዘ። ኮርንብሉት ግን ይህን አላየም፤ ብዙ ጥሩ ታሪኮች ጽፎ በ1958፣ በ34 ዓመቱ ሞቶአል።