ጉሚ ጋዮ፡ ቦረና ስለ ውሃና ግጦሽ ሕግ የሚመክርበት ጉባኤ

በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኘው የቦረና ቆላ ዝናብ የሚጠበቀው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፡፡ በአካባቢው አጠራር ገና የሚባለው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፡፡ አጭሩ የሃገያ ዝናብ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይጠበቃል፡፡ ከዚያ በኋላ ቦና የተሰኘው ሞቃት የበጋ ወቅት ሲገባ ኩሬዎች ይደርቃሉ፣ ሣሩም ይነጣል፡፡ ያን ጊዜ የአርብቶ አደሩና የከብቱ ሕይወት የሚመረኮዘው ከብዙ ዘመናት በፊት በተቆፈሩ ጥቂት ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ይሆናል፡፡

ከብቱ ብዙ፣ ጉድጓዱ ጥቂት በሆነበት አገር ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ ማን ተራ እንደሚጠብቅና ደለሉን ማን እንደሚጠርግ አስቀድሞ ካልተወሰነ ጠብ መነሳቱ አይቀርም፡፡ የቦረና ሕዝብ ይህን ጥያቄ ሲመልስ የኖረው በሕግ ነው፡፡ ሕጉ ለዘመናት በጽሑፍ ሳይሰፍር በቃል ሲተላለፍ የቆየ ሲሆን፣ የሚታወጀው፣ የሚሻሻለውና በሕዝብ ፊት የሚታደሰው በየስምንት ዓመቱ በሚካሄደው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ነው፡፡

ጉሚ ማለት የብዙኃን መሰባሰብ ማለት ሲሆን፣ ጋዮ ደግሞ ጉባኤው የሚካሄድበት ስፍራ መጠሪያ ነው፡፡ ጉባኤው የሚጠራው በሥልጣን ላይ ያለው አባ ገዳ የስምንት ዓመት ዘመኑን ሲያጋምስ በመሆኑ፣ አስተዳደሩ በሕዝብ ፊት የሚመዘንበት አጋጣሚም ነው፡፡ በ1980፣ በ1988፣ በ1996 እና በ2004 ዓ.ም የተካሄዱት ጉባኤዎች ይህንኑ የጊዜ ቀመር የተከተሉ ነበሩ፡፡ የ1988ቱ ጉባኤ ውይይትና ውሳኔዎች በመጽሐፍ ታትመው የወጡ ሲሆን፣ መጽሐፉ ጉባኤውን 37ኛው በማለት ይጠራዋል፡፡ በዚህ አቆጣጠር ወደ ኋላ ቢሰላ የመጀመሪያው ጉባኤ 1700 ዓ.ም ገደማ ላይ ያርፋል፡፡

በጉባኤው ላይ በሥልጣን ላይ ያለው አባ ገዳና የምክር ጓዶቹ፣ ዘመናቸውን የፈጸሙ የቀድሞ አባ ገዳዎች፣ ሀዩ የሚባሉት የሕግ አዋቂዎች እንዲሁም የሰቦና የጎና ጎሳዎች ተወካዮች ይገኛሉ፡፡ ሰቦና ጎና የቦረና ሕዝብ የሚከፈልባቸው ሁለቱ ታላላቅ ክፍሎች ናቸው፡፡ ጉባኤው ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የተተወ አይደለም፤ ተራው አርብቶ አደርም በሥርዓቱ መሠረት ተነሥቶ መናገር ይችላል፡፡ ከድንበር ማዶ በሰሜን ኬንያ የሚኖሩ ቦረናዎችም ወደ ጋዮ ይመጣሉ፡፡ ሆኖም በአደባባይ የመናገሩ ድርሻ በልማድ የወንዶች ሆኖ ቆይቷል፡፡ ጥጃ የሚያሳድጉት፣ ላም የሚያልቡትና ለቤት የሚሆን ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሐሳባቸው ለጉባኤው የሚደርሰው በአብዛኛው በቤት ውስጥ ምክክር አማካይነት ነው፡፡

ስለ ገዳ ሥርዓት በሰፊው ያጠኑት የሥነ ሰብእ ምሁሩ ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ በጽሑፎቻቸው እንዳመለከቱት፣ የጉሚ ሥልጣን ከአባ ገዳውና ከምክር ቤቱ ሥልጣን በላይ ነው፡፡ ጉሚው ያሳለፈውን ውሳኔ ሌላ አካል ሊሽረው አይችልም፡፡ ግዴታውን ያልተወጣ ባለሥልጣን በጉባኤው ፊት ሊወቀስ፣ ጥፋቱ ከከበደም ከኃላፊነቱ ሊነሣ ይችላል፡፡ ይህም ሥልጣን የሕዝብ መሆኑንና አባ ገዳውም ከሕግ በታች መሆኑን ያሳያል፡፡

የውይይቱ አካሄድም የራሱ ሥርዓት አለው፡፡ ጉባኤተኛው በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፡፡ ስብሰባው በምርቃት ተከፍቶ በምርቃት ይዘጋል፡፡ ተናጋሪው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ቁጣና ዘለፋ ለጉባኤ አይገባም፡፡ ድምፅ ተቆጥሮ ብልጫ ያገኘው ወገን የሚያሸንፍበት አሠራር የለም፡፡ ሐሳብ በሐሳብ እየተሞረደ ሁሉም የሚስማማበት ነጥብ ላይ እስኪደረስ ድረስ ውይይቱ ይቀጥላል፡፡ አንድ ጉዳይ ቀናት ሊወስድ ይችላል፡፡ የዚህ አካሄድ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ ዛሬ ተሸንፎ የሄደ ሰው ነገ ከአሸናፊው ጋር ከአንድ ጉድጓድ ያጠጣል፤ ቅሬታውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ከመጣ ሕጉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይፈርሳል፡፡

ከጉሚው በታች ሌሎች ስብሰባዎች አሉ፡፡ ኮራ በመባል የሚታወቁት እነዚህ ስብሰባዎች የጎሳን ጉዳይ፣ የጉድጓድን ጉዳይ ወይም የአንድን ጥፋተኛ ጉዳይ ይመለከታሉ፡፡ በየደረጃው መፍትሔ ያላገኘ ክርክር ወደ ጉሚው ሊደርስ ይችላል፡፡ ጉሚው ነባሮቹን ሕጎች በማስታወስ ያጸናል፣ ጊዜው የጠየቀውን ያሻሽላል፣ አዲስ ድንጋጌም ያውጃል፡፡ በጋዮ የታወጀው ሕግ በተሳታፊዎቹ አንደበት ኦላ ተብለው ወደሚጠሩት መንደሮች ይደርሳል፡፡

ሕጉ በተግባር የሚፈተነው ግን በጉድጓዱ ላይ ነው፡፡ ቱላ በመባል ከሚታወቁት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች መካከል ዱብሉቅ፣ መልበና፣ ዳስ እና ዌብ ይገኙባቸዋል፡፡ ጥልቀታቸው እንደየቦታው የሚለያይ ሲሆን፣ 30 ሜትር ገደማ የሚደርሱም አሉ፡፡ ውሃው የሚወጣው በሰው ጉልበት ነው፡፡ ወጣቶች ከጉድጓዱ ወለል እስከ ላይ ድረስ በየእርከኑ ተደርድረው ኦኮሌ የተባለውን ከቆዳ የተሠራ መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ፡፡ ሥራው በዜማ የታጀበ ነው፡፡ ዜማው የእጆችን ምት ያስተካክላል፣ የተራበ ጉልበትንም ያበረታል፡፡ በዚህም የተነሣ ጉድጓዶቹ በውጭ ጎብኚዎች ዘንድ የሚዘምሩ ጉድጓዶች የሚል ስም አትርፈዋል፡፡ ከላይ የደረሰው ውሃ በጭቃ ወደ ተሠራ ገንዳ ይፈስሳል፤ ከብቱም በተራው እየገባ ይጠጣል፡፡

እያንዳንዱ ጉድጓድ የአንድ ጎሳ መጠሪያ ይኖረዋል፡፡ ጉድጓዱን ያስቆፈረው ወይም ከተደረመሰ በኋላ መልሶ ያስጠረገው ሰው ኮንፊ ይባላል፤ ክብሩም ለልጁ ይተላለፋል፡፡ ይሁን እንጂ ኮንፊው የጉድጓዱ ባለቤት ነው ሲባል ውሃውን ሊሸጠው ይችላል ማለት አይደለም፡፡ ቀዳሚ ተራና ክብር አለው፤ ኃላፊነቱም በዚያው ልክ ነው፡፡ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው አባ ሄሬጋ የተባለው ሰው ነው፡፡ አባ ሄሬጋ የማጠጫ ተራውን ያወጣል፣ የሰው ጉልበት ያዋጣል፣ ገንዳው መጠገኑንና አጥሩ መታደሱን ይከታተላል፡፡ በበጋው ብርታት ከብቶች በየቀኑ መጠጣታቸው ይቀርና በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይጠጣሉ፡፡ ተራውን የዘለለ ወይም የጉልበት ድርሻውን ያላዋጣ ሰው በጉድጓዱ ኮራ ፊት ይቀርባል፡፡ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ለጠየቀ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ በእምቢታው የጸና ግን የጎሳውን ድጋፍ ያጣል፡፡ ቦረና ውስጥ ደግሞ ጎሳ የሌለው ሰው ጉድጓድ የለውም፡፡

የግጦሹም ሕግ ከውሃው ጋር የተሳሰረ ነው፡፡ የሚታለቡ ላሞችና ጥጃዎች ሎን ወራ ተብለው ከመንደር ሳይርቁ ይሰማራሉ፡፡ ያልወለዱ ጊደሮች፣ ወይፈኖችና የነጠፉ ላሞች ደግሞ ሎን ፎራ ተብለው በወጣት እረኞች እየተነዱ ሩቅ ወዳለው ግጦሽ ይሄዳሉ፡፡ ካሎ በመባል የሚታወቀው በጋራ የሚከለል ሣርም ለጥጃዎችና ለደካማ ከብቶች ይጠበቃል፡፡ የዚህ ሥርዓት ዓላማ በጉድጓዱ አካባቢ ያለው ሣር በዝናብ ወቅት ተግጦ እንዳያልቅና ለክፉ ቀን እንዲተርፍ ማድረግ ነው፡፡ ከብቱ መንቀሳቀስ ካልቻለ ሥርዓቱ ይቆማል፡፡

የዘመኑ ፈተናም ከዚሁ ይጀምራል፡፡ ባለፉት አሥርት ዓመታት ለግል እርሻና ለግል ግጦሽ ተብሎ የሚታጠረው መሬት እየሰፋ መጥቷል፡፡ በ1960ዎቹ የግጦሽ መሬትን በእሳት የማደስ ልማድ በመንግሥት ከተከለከለ በኋላ ቁጥቋጦ ተስፋፍቶ ሣሩን እንደቀነሰው የዘርፉ ጥናቶች ያመለክታሉ፡፡ ቋሚ ሰፈራዎችና የከብት እርባታ ማዕከላት ቀድሞ ለግጦሽ ይውል ከነበረው መሬት ድርሻ ወስደዋል፡፡ ግጦሹ በቀበሌ ወሰን ሲከፋፈል፣ ከብቱ ዝናብን ተከትሎ ይጓዝበት የነበረው ሰፊ የግጦሽ ክልል ተቆራርጧል፡፡ ለዚህም ነው የግል አጥር ጉዳይ የቦረና ጉባኤዎች ደጋግመው ካነሷቸው አጀንዳዎች አንዱ የሆነው፡፡

ጉዳዩ ለመፍረድ ቀላል አይደለም፡፡ ከብቱ በድርቅ ያለቀበት አባወራ ልጆቹን ለመመገብ ጥቂት መሬት አጥሮ በቆሎ ቢዘራ ምክንያት አለው፡፡ ጎረቤቱ ደግሞ ያ አጥር የከብቱን መንገድ ዘግቶበታል፡፡ በጋዮ የሚቀርበው ክርክር ብዙውን ጊዜ በአጥፊና በተበዳይ መካከል ሳይሆን፣ በሁለት ችግረኞች መካከል የሚደረግ ነው፡፡ ጉሚው ሕግ ሊያውጅ ይችላል፤ የጠበበውን መሬት ግን ሊያሰፋ አይችልም፡፡

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የኢትዮጵያ ዘላኖች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ የሚጠቀሙበት መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል፡፡ ይህን መብት በተግባር ለማዋል የጋራ ግጦሽን ማን እንደሚያስተዳድረው መታወቅ ይኖርበታል፡፡ በቦረና የጉድጓዱን ተራና የግጦሹን ወቅት ጠንቅቀው የሚያውቁት አባ ሄሬጋዎችና የአገር ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ ወሰን የማካለል ሥልጣን ያለው ደግሞ የመንግሥት መዋቅር ነው፡፡ ሁለቱ ተመካክረው ሲሠሩ ሕጉ ይጠነክራል፤ ተራርቀው ሲሠሩ ደግሞ አጥር አጣሪው በመካከላቸው ቀዳዳ ያገኛል፡፡

ሥርዓቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ አቅሙም እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ያሳየው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የደረሰው ድርቅ ነው፡፡ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እንስሳት አልቀዋል፡፡ ቡሳ ጎኖፋ በቦረና የቆየ የመረዳጃ ሥርዓት ሲሆን፣ ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሳው ከብት ተዋጥቶለት እንደገና እንዲቋቋም ያደርጋል፡፡ የምትታለብ ላም በውሰት የሚሰጥበት ደባሬ የተባለ ልማድም አለ፡፡ ነገር ግን ድርቁ የሰጪውንም የተቀባዩንም በረት በአንድነት ባዶ ሲያደርግ መረዳጃው መነሻ ያጣል፡፡ በዚያ ወቅት ብዙ ቤተሰቦች በመጠለያ ሰፍረው ዕርዳታ ለመጠበቅ ተገደዋል፡፡

የገዳ ሥርዓት የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በኅዳር 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ባካሄደው ጉባኤ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል፡፡ በ2017 ዓ.ም ደግሞ የቦረና ገዳ ሥልጣን በአርዳ ጂላ በዳሳ በሥርዓቱ መሠረት ተላልፎ 72ኛው አባ ገዳ ኃላፊነቱን ተረክበዋል፡፡ የስምንት ዓመት ዘመናቸው ሲጋመስ ቦረና እንደ ልማዱ ስለ ውሃ፣ ስለ ግጦሽና ስለ አጥር ለመምከር በጋዮ ይሰበሰባል፡፡

ዕውቅናው ለሥርዓቱ ክብር ነው፡፡ ይሁን እንጂ ጉሚ ጋዮ የኖረው በመዝገብ ስለሰፈረ ሳይሆን፣ በጥላው ሥር የተስማሙት ሰዎች በበጋ ከአንድ ጉድጓድ የሚያጠጡ በመሆናቸው ነው፡፡ የሕጉ ዕድሜ ከከብቱ መንገድና ከጉድጓዱ ተራ ዕድሜ ጋር የተሳሰረ ነው፡፡ መንገዱ ተዘግቶ ተራው ከቀረ በጋዮ የሚታወጀው ቃል የሚያርፍበት ስፍራ አይኖረውም፡፡