የልጆች ፈረስ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ማይ ሊትል ፖኒ የሚባሉትን የፕላስቲክ ፈረሶች የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ አሮጌ አሻንጉሊት እጃቸው ሲገባ ሰኮናውን ገልብጠው ያያሉ። ብዙ ጊዜ የተሠራበት አገር የሚጻፈው እዚያ ነው። የአሜሪካው ሃስብሮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ለገበያ ያቀረባቸው እነዚህ ፈረሶች ከሆንግ ኮንግ ሌላ በጣሊያን፣ በስፔንና በብራዚልም ተመርተዋል። በዚህ የተነሣ የአንዱ ዓይነት ፈረስ ገላና ጋማ ከአገር አገር በቀለም ይለያያል፤ ሰብሳቢው የሚሻውም ይህንኑ ልዩነት ነው። በስዊድን ዳላርና የሚቀረጸው የእንጨት ፈረስም በትውልድ ቦታው ይከበራል።

የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ግን ፈረሱን የሚሠራው ራሱ ነው። አንዱ ዓይነት በእግር መሐል አስገብተው የሚጋልቡት ነው፤ ቆላ ላይ የማሽላ አገዳ፣ ደጋ ላይ ቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ ዘንግ ይሆናል። ሌላው እረኞች ወንዝ ዳር የሚያበጁት የጭቃ ፈረስ ነው። ጭቃው ታሽቶ ሆዱ ይድበለበላል፣ አራት አጫጭር እግሮች ይተከሉለታል፣ ጋማው በሁለት ጣት ቆንጠጥ እየተደረገ ይወጣል። ጅራቱ ሣር፣ ልጓሙ ክር ነው። የቢቸና ዙሪያ መረሬ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ከእሱ የተሠራ ፈረስ ብዙ ጊዜ አንገቱ ላይ ይቀነጠሳል፤ ቀይ አፈር ሻል ብሎ ይይዛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፈረስ የት እንደተሠራ አፈሩ ራሱ ይናገራል።

ልጆቹ ፈረስን የሚያዩት መንገድ ላይ ብቻ አይደለም። ቢቸና አቅራቢያ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ሞጣ ደግሞ ሞጣ ጊዮርጊስ አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጊዮርጊስ በነጭ፣ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ይቀመጣል። አገሩም ጀግናን በፈረሱ ስም የሚጠራ አገር ነው፤ የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» ይባል ነበር። በአዊ እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበረው ጥር 23 ቀን ነው።

የልጆቹን አሻንጉሊት የሰበሰበ ግን ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 ጎጃም ድረስ መጥቶ ነበር፤ ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ያዘጋጀው መጽሐፍም በ1935 ታትሟል። ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ከልጅነት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ማዘጋጀቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ የልጅ ነገር እዚያ ቦታ አግኝቷል። ከዚያ ውጭ ሰብሳቢዎቻችን የሚፈልጉት የአዋቂውን ኮርቻ፣ ግላስና በአውራ ጣት የሚረገጠውን እርካብ ነው። የጭቃውን ፈረስ የመጀመሪያው ዝናብ ይወስደዋል።

ይህ መሆን አልነበረበትም። አንድ ፈረስ ለማቆየት የሚያስፈልገው ደረቅ መደርደሪያና አንዲት ወረቀት ናት። የቢቸናና የሞጣ መምህራን፣ በዚህ ክረምት ተማሪዎቻችሁ የሚሠሩትን ፈረሶች ሰብስቡ፤ ወረቀቷ ላይ ቀበሌውን፣ አፈሩ የተቆፈረበትን ቦታ፣ የሠሪውን ዕድሜና ልጁ ለፈረሱ ያወጣለትን ስም ጻፉ።