የአርማታ ዓምድ በእሳት ፊት

ብዙዎቻችን አርማታ እንደ ድንጋይ ነውና እሳት አይነካውም ብለን እናምናለን። እርግጥ አርማታ እንደ እንጨት አይነድም። ነገር ግን አለመንደድና አለመጎዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ የአርትስ ተማሪ ይህን ለማስረዳት በመድፈሩ የምሕንድስና ጓደኞቻችን እንደማይቀየሙ ተስፋ አለኝ።

እንደሚታወቀው አርማታ የሁለት ነገሮች ኅብረት ነው፤ እነርሱም ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውሃ የተሠራው ኮንክሪትና በውስጡ የተቀበረው ፌሮ ናቸው። ፌሮ እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ጉልበቱን ይዞ ይቆያል፤ 600 ዲግሪ ሲደርስ ግን ግማሽ ያህሉን ያጣል። ለፈተና በተወሰነው ዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት ደግሞ የእሳቱ ሙቀት በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ800 ዲግሪ ያልፋል።

ታዲያ ዓምዱ ወዲያው የማይወድቀው ስለ ምንድን ነው? ኮንክሪት ሙቀትን የሚያሳልፈው በዝግታ ስለ ሆነ ነው። የውጭው ገጽ ሲግል እምብርቱ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ፌሮውን የሚሸፍነው የጥቂት ሴንቲ ሜትር ኮንክሪትም እንደ ጋሻ ይከላከልለታል።

ይህ ጋሻ ግን ሊረግፍ ይችላል። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ውሃ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ያጣው እንፋሎትም እንደ ፈንዲሻ እየፈነዳ ሽፋኑን ይፈነቅለዋል። የሚያስገርመው፣ በጣም ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለው ኮንክሪት እንፋሎቱን የሚያስወጣበት ቀዳዳ ስለሚያንሰው ይብስበታል። ስለዚህ መሐንዲሶች ቀጫጭን የፖሊፕሮፒሊን ክሮች ይቀላቅሉበታል፤ እነዚህም በ170 ዲግሪ ገደማ ቀልጠው ለእንፋሎቱ መንገድ ይከፍቱለታል። ቋሚዎቹን ፌሮዎች አቅፎ የሚይዘው ስታፋም ጫፉ ወደ ዓምዱ እምብርት መታጠፍ አለበት። አለዚያ ሽፋኑ ሲረግፍ ተከፍቶ ፌሮዎቹ ወደ ውጭ ይጎብጣሉ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2005 በማድሪድ ከተማ የዊንድሶር ሕንፃ ከ21ኛው ፎቅ በተነሣ እሳት ተቃጠለ። በላይኞቹ ፎቆች ዙሪያ የነበሩት፣ ከእሳት መከላከያ ያልተደረገላቸው የብረት ዓምዶች ተሸንፈው የፎቆቹ ጠርዝ ተናደ። የአርማታው እምብርትና የውስጥ ዓምዶች ግን ቆመው ሕንፃውን ከጠቅላላ መደርመስ አዳኑት። ይሁን እንጂ ሕንፃው ከዚያ በኋላ አላገለገለም፤ እንዲፈርስ ተደረገ።

የቆመ ዓምድ ሁሉ ደኅና አይደለምና። «እሳት ካየው ምን ለየው» ይባላል፤ ዓምድን ግን ያየው የእሳት መጠን ይለየዋል። ብዙ ያልጋለ ፌሮ ሲቀዘቅዝ አብዛኛው ጉልበቱ ይመለስለታል፤ ክፉኛ የጋለ ኮንክሪት ግን የቀድሞ ጥንካሬውን መልሶ አያገኝም። ከዚህም በላይ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ ወደ ውስጥ መጓዙን ስለሚቀጥል፣ ዓምዱ ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሐንዲስ ሳይመረምረው ዕቃ ለማውጣት ተመልሶ መግባት ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው።

የሽፋኑ ውፍረትና የስታፋው አስተጣጠፍ በልስንና በቀለም ከተሸፈኑ በኋላ ለማንም አይታዩም። ሊታዩና ሊታረሙ የሚችሉት ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው በዚያች ሰዓት በሜትሩ የሚለካት ሴንቲ ሜትር፣ እሳት በተነሣ ቀን ከላይኛው ፎቅ ያሉት ሰዎች በደረጃው ወርደው እስኪያመልጡ ድረስ የምትጠብቃቸው ጊዜ ናት።