መጀመሪያ የመቀመጫዬን

እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ፕራይሜት»ን የሚፈልግ የፍኖተ ሰላም ተማሪ ሁለት ትርጉም ያገኛል። አንዱን በባዮሎጂ ትምህርት ያውቀዋል፤ ጦጣን፣ ዝንጀሮንና ሰውን ባንድ የሚይዝ የእንስሳት ክፍል ነው። ሌላው ግን የአንድ አገር ጳጳሳት አለቃ ማለት ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ «የመላው እንግሊዝ ፕራይሜት» ተብለው በዜና ሲጠቀሱ ፈገግ የማይል ተማሪ ካለ፣ ባዮሎጂውን በደንብ አልያዘም።

የሁለቱም ምንጭ አንድ የላቲን ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ማዕረግ ባለቤት እንደ ማለት። ቀድማ የወሰደችው ቤተ ክርስቲያን ናት። እንስሳቱ ስሙን ያገኙት በ1758 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ፍጥረትን በየወገኑ የደለደለበትን መጽሐፍ ለአሥረኛ ጊዜ ሲያሳትም ነው። ሊኔየስ የቄስ ልጅ ነበር። በዚህ ክፍል ከአናት ሰውን አስቀመጠ፤ ከሥሩ ጦጣና ዝንጀሮን፣ ቀጥሎ ሌመርን፣ በመጨረሻ ደግሞ የሌሊት ወፍን። የሌሊት ወፍ እዚህ የገባችው ሁለት ጡቶቿ ደረቷ ላይ ስለሆኑ ነው። በገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ተንጠልጥላ ለምናውቃት ለእሷ ትልቅ ሹመት ነበር፤ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ሻሩት። ዛሬ ክፍሉ የሚለየው ወደ ፊት በሚያዩ ዓይኖች፣ ጨብጦ በሚይዝ እጅ፣ ባልሾለ ጠፍጣፋ ጥፍርና ከሰውነት አንጻር ትልቅ በሆነ አንጎል ነው።

ከክፍሉ አባላት ለቡሬና ለአካባቢው ገበሬ በጣም ቅርቡ፣ በጣም ጠላቱም፣ ዝንጀሮ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ይሠራል፤ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ይወጡበታል። መንጋው ከገደሉ ወጥቶ ማሳ ሲገባ ጊዜ አያጠፋም። እሸቱን ገንጥሎ ልባሱን በጥርሱ ይገፈዋል፤ ፍሬውን ሳያኝክ በጉንጩ ከረጢት ይሞላል። ወንጭፉ ሲጮህ ይሸሻል፤ ሸሽቶም ድንጋይ የማይደርስበት አፋፍ ላይ ቁጭ ይልና ያበጠ ጉንጩን በእጁ እየገፋ፣ የያዘውን ወደ አፉ እየመለሰ፣ ማንም እንደማያስቸኩለው ያኝካል። ልጁ ከማማው ሆኖ ከማየት በቀር ምን ያደርጋል?

ቁጭ የሚልበትን ነገር ተረቱም አልዘለለውም። እሾህ በየቦታው የወጋት ዝንጀሮ «የቱን ልንቀልልሽ?» ብትባል «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። የእንስሳት ሊቃውንት ቢጠየቁም ይፈርዱላታል። የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች መቀመጫቸው ላይ ጠጉር የሌለው፣ የደነደነ ቆዳ አላቸው። ዝንጀሮ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ነብር በማይደርስበት የገደል ጠርዝ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው። ያ ቆዳ ፍራሹ ነው፤ እሾህ ከገባበት እንቅልፍ የለም።

ጦጣ መጠኗ አነስ ይላል እንጂ በጉንጭ ከረጢትም በሌብነትም አታንስም። ሊኔየስ በዚያው በ1758ቱ መጽሐፍ ሳይንሳዊ ስም ሲሰጣት የኢትዮጵያን ስም አስገብቶላታል። ከሁሉ የሚለየው ጉሬዛ ነው። ይህን እንስሳ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. አማርኛውን እንዳለ ወስዶ ሳይንሳዊ ስሙ አደረገው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ አውራ ጣቱ ጉጥ ሆኖ ቀርቷል፤ የጉንጭ ከረጢትም የለውም። የሚበላው በአብዛኛው ቅጠል ስለሆነ ጨጓራው ክፍልፍል ነው፤ ለሰዓታት ተቀምጦ ይፈጫል። እህል ስለማይዘርፍ ገበሬው አይጠላውም፤ ችግሩ ረጃጅም ዛፍ መፈለጉ ነው። መሬቱ በበቆሎና በጤፍ በተያዘበት በምዕራብ ጎጃም ደግሞ የዱሮው ዛፍ፣ ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው፣ በብዛት የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ጉሬዛም የደብር ነዋሪ የሆነው ወድዶ ሳይሆን ሌላው ስለተመነጠረበት ነው።

ወደ ሌላው ትርጉም እንለፍ። ነገሩ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝና፣ በጵጵስናውም ቤት ቀድሞ የሚጠየቀው መቀመጫ ነው፤ መንበር። የበላይነቱ የሚታወቀው በየትኛው መንበር፣ ከማን ቀኝ በመቀመጥ ነው። በ1176 እ.ኤ.አ. በዌስትሚኒስተር በተደረገ ጉባኤ የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ሮጀር ሲደርሱ፣ ከሮማው መልእክተኛ በስተቀኝ ያለውን መቀመጫ የካንተርበሪው ሪቻርድ ይዘውት አገኙ። የዘመኑ ጸሐፍት እንዳስቀሩት፣ ሮጀር ቦታው የእኔ ነው ብለው ሪቻርድ ጭን ላይ ሊቀመጡ ሞከሩ፤ የካንተርበሪ ሰዎችም ጎትተው አውርደው ደበደቧቸው። ጠቡ ሮማ ደርሶ በ14ኛው መቶ ዓመት የተገኘው እርቅ የሚያስቅ ነው፦ ዮርክ «የእንግሊዝ ፕራይሜት»፣ ካንተርበሪ «የመላው እንግሊዝ ፕራይሜት» ይባሉ ተባለ። እስከ ዛሬም እንዲሁ ይባላሉ።

የእኛው ታሪክ የሚያስቅ አይደለም። በፍትሐ ነገሥት የገባና ለኒቅያ ጉባኤ የሚሰጥ፣ ሊቃውንት ግን ዘግይቶ የተጻፈ ነው የሚሉት ቀኖና፣ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ፓትርያርክ እንዳይሾሙ ይከለክላል። መካሻ የሚመስል ነገርም ጨምሯል፤ ጳጳሳቸው በሮም አገር ጉባኤ ቢገኝ ሰባተኛው መቀመጫ ይሰጠው ይላል። በተግባርም ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወዲህ 1600 ዓመት ያህል አቡኑ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበር። ክህነት የሚሰጠው ጳጳስ ብቻ ስለሆነ፣ አቡኑ ሲሞት ሌላ እስኪመጣ አዲስ ዲያቆን የሚሾም አልነበረም።

ጎጃም የራሱን ጳጳስ ያገኘው አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1874 ዓ.ም. አራት ጳጳሳት ባንድ ጊዜ ከግብፅ ሲያስመጡ ነው፤ አቡነ ሉቃስ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደረሱ። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ካይሮ ላይ ተቀቡ፤ ከነሱ መካከል አቡነ አብርሃም የጎጃም ሆኑ። ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን ግን ተነፍገው ነበር። ፋሺስት ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኒቱን ከግብፅ ሊነጥል ሲፈልግ ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ እንቢ አሉ። ጣሊያኖቹም በ1930 ዓ.ም. ዓይናቸው የጠፋውን አቡነ አብርሃምን ሊቀ ጳጳስ አደረጓቸው፤ እስክንድርያ አወገዘቻቸው። አገሪቱ ለዘመናት የተመኘችው ከፍተኛ መንበር መጀመሪያ ለኢትዮጵያዊ የተሰጠው በወራሪ እጅ መሆኑ ዛሬም ያስቆጫል።

በሕጋዊው መንገድ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። በ1963 ዓ.ም. የተተኩት አቡነ ቴዎፍሎስ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት ከምዕራብ ጎጃም ጋር በሚዋሰነው ደብረ ኤልያስ ነው። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አወረዳቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው።

እንግዲህ ለተማሪው፦ ፍኖተ ሰላም የሚመጡት የሀገረ ስብከቱ ሊቀ ጳጳስ በእንግሊዝኛው ፕራይሜት አይደሉም፤ ሀገረ ስብከታቸውን ብቻ ይመራሉ። ቃሉ የሚስማማው «ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት» ለሚባሉት ለፓትርያርኩ ነው። ሲያነቡም ልዩነት አለ፤ ጠንቃቃ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለእንስሳው መጨረሻውን አስረዝሞ «ፕራይሜይት»፣ ለጳጳሱ አሳጥሮ «ፕራይሚት» ይላል።